ቪዛ ለማዳም አናማ

ሽባባው፣ ልጁ መሬት ከወደቀ በኋላም መርገጡን አላቆመም።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1985፣ መኸር ላይ። ቦታው የሮተርዳም ባቡር ጣቢያ። የእግር ኳስ ጨዋታ አልቆ፣ ቢራ የጠገበው ሁሉ እየጮኸ ወደ ባቡሩ መሳፈሪያ ይጎርፋል። ሽባባው ወደብ ላይ ካለው የፍራፍሬ መጋዘን ሥራውን ጨርሶ ወደ ሄግ የሚመልሰውን ባቡር ይጠብቅ ነበር። ከፊቱ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። የተወለዱት የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው ሱሪናም ነው፤ ዘራቸው ግን ከህንድ ነው፤ በራሳቸው ላይ ስስ ሻሽ ጣል አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ከረጢት ባሚያ ይዘዋል። ከሰካራሞቹ አንዱ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ቀይ ልጅ፣ አንዱን ከረጢት በጫማው ጠለዘው። ባሚያው ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ጓደኞቹ ሳቁ።

«አንሳላቸው» አለ ሽባባው በሆላንድኛ።

«ጦጣ፣ ራስህ አንሳው!» ብሎ ልጁ ደረቱን ገፋው።

የመጀመሪያውን ቡጢ ማን እንደሰነዘረ በኋላ ፍርድ ቤት ብዙ ተጨቃጨቁበት። ከዚያ ወዲያ ስለሆነው ግን የሚያጨቃጭቅ ነገር አልነበረም። ልጁ በአንድ ምት ወደቀ። ሽባባው ተከትሎ ጎድኑን ረገጠው። ደገመው። ፊቱን ረገጠው። የመንጋጋው አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ጓደኞቹ በጀርባው ተንጠልጥለው በጡጫ ሲያጣድፉት እንኳ አልተሰማውም። የሰማው የአሮጊቷን ጩኸት ነው፤ «ተው! ልትገድለው ነው!» ይላሉ። ቀና ብሎ ሲያያቸው ወደ ግድግዳው እየሸሹ ነበር። የሸሹት ከሰካራሞቹ አይደለም፤ ከእሱ ነው።

ፖሊስ ደርሶ እጁን ሲጠመዝዘው ከአፉ የወጣው ቃል «ማዳም» የሚል ነበር። ማንም አልገባውም።

ማዳም የሚላቸው ማዳም አናማን ነው። ደብረ ብርሃን ተማሪ እያለ ኬሚስትሪ ያስተማረው የህንዱ መምህር የሰር ኩሪያን ሚስት ናቸው። ባልና ሚስቱ ኬረላ ከሚባለው የህንድ አገር የመጡ ሲሆኑ፣ እንደ እኛው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ሁዳዴን ይጾማሉ፣ እሑድ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። ልጅ አልወለዱም። ደብረ ብርሃን ከአሥር ዓመት በላይ ሲኖሩ ከተማው እንደ ራሱ ሰው ቆጥሯቸው ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ሰር ኩሪያን ክፍል ውስጥ ተገደሉ። መንግሥት ለሚስታቸው «ፀረ አብዮተኞች ገደሉት» ብሎ ነግሮ፣ ሐዘናቸውን ሳይጨርሱ ከአስከሬኑ ጋር አውሮፕላን ላይ ሰቀላቸው። በእርግጥ የሆነውን ከገዳዮቹ ሌላ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሽባባው ነው። የመጡት በፀረ አብዮተኛነት የተጠረጠረውን እሱን ፍለጋ ነበር። ሰር ኩሪያን ላቦራቶሪው ጥግ ካለችው የዕቃ ክፍል ከትተውት፣ በሩን በጀርባቸው ዘግተው ቆሙ። ሽባባው ከዚያ ወደ ሱዳን ሸሸ፣ ከሱዳን ከሚስቱ ከድንቅነሽ ጋር ሆላንድ ገባ። ከገባ ጀምሮ ሰው መምታት ለመደ። ወደብ ላይ አንዱን ሱሪናሜ መታ፤ ሠርግ ላይ የገዛ ወዳጁን ጥርስ አወለቀ። ድንቅነሽን አንድም ቀን አልነካትም፤ የቤታቸው በሮች ግን ሁሉም ቡጢ ያውቃሉ።

ማዳምን ያገኛቸው ሄግ ገበያ ውስጥ ነው። አንገቱ ላይ መስቀል ያሰረ አንድ የኬረላ ተማሪ አይቶ «ኩሪያን የሚባሉ መምህር ታውቃለህ?» አለው። ኬረላ ውስጥ ኩሪያን እንደ እኛ አገር ተስፋዬ ነው። ልጁ ግን ቅን ነበርና ለክረምት አገሩ ሲገባ በቤተ ክርስቲያን በኩል አጠያይቆ አገኛቸው። ሽባባው ጻፈላቸው፤ ባላቸው የሞቱት እሱን ሲደብቁ መሆኑን ነገራቸው። «ከአንድ ጥይት ሌላ የነካቸው የለም፤ ወዲያው ነው ያረፉት፤ ማን እንደተኮሰ አላየሁም» አለ።

ሦስቱም ውሸት ነበር።

መልሳቸው አጭር ነበር። «መጥቼ አይሃለሁ» አሉ።

መምጣቱ ግን እንደ ቃሉ ቀላል አልሆነም። አንዲት መበለት፣ ሥራ የሌላት፣ ልጅ የሌላት ህንዳዊት ለጥቂት ሳምንት ጉብኝት ሆላንድ መግባት ስትፈልግ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትመለሻለሽ ወይ?» ነው። የደርሶ መልስ ቲኬት ያስፈልጋል። አገሯ ላይ የሚያስራት ነገር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚህ ሆላንድ «እኔ አለሁላት፤ ወጪዋም ጥፋቷም በእኔ» ብሎ የሚፈርም ሰው፣ ጋራንት የሚሉት፣ ያስፈልጋል። ሽባባው ጋራንት ሆኖ ፈረመ። ማዳም በሰኔ ዝናብ ከኬረላ ተነስተው፣ ባቡር ላይ አድረው ውለው አድረው ዴልሂ ገቡ፣ ጠየቁ፣ ተመለሱ። የጠበቁት መልስ ሳይመጣ ነው ሽባባው ጣቢያው ላይ የዚያን ልጅ መንጋጋ የሰበረው።

ዳኛዋ ጠጉራቸው የሸበተ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። «ተሰድበዋል፤ ተገፍተዋል፤ ይህን ተረድቻለሁ። ከወደቀ በኋላ ለምን?» አሉት።

አስተርጓሚው ተረጎመለት። ሽባባው የገዛ ጫማውን አየ። ጥቂት ሳምንት ታሰረ። ማዳም አናማ ደግሞ ፓስፖርታቸው ያለ ቪዛ ተመለሰላቸው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጋራንት አይሆንም፤ ሕጉ ይኸው ነው።

ከእስር ሲወጣ ድንቅነሽ ኩሽና ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ድንቅነሽ ሄግ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ሰው አንስታ ሰው የምታስተኛ ጠንካራ ሴት ናት።

«አንተ ሰው ስትመታ ማንን እንደምትመታ ታውቃለህ?» አለችው።

ሽባባው ኮቱን አውልቆ ሰቀለ።

«እኔ አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ አልነገርከኝም። አሁንም አልጠይቅህም። ቋሚ ሥራ ያለኝ እኔ ነኝ፤ እኔ እፈርምላቸዋለሁ። ግን ሽባባው፣ እሳቸው እዚህ ቤት ሳሉ እጅህ ቢነሳ፣ በር ላይም ቢሆን፣ የምወጣው እኔ ነኝ። ትመለሳለች ብለህ አትጠብቀኝ።»

ማዳም አናማ ሁለተኛ ዴልሂ ወረዱ። በዚህ ጊዜ የባላቸውን የጡረታ ማስረጃ፣ የጎማ ዛፍ የተተከለባትን ቁራሽ መሬት ካርታ፣ የቄሱን ምስክርነት ሁሉ ይዘው ቀረቡ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ወጣት ወረቀቱን ሁሉ አገላብጦ «ይህቺ ጋራንት ምንዎ ናት?» አላቸው።

«አላውቃትም።»

«ባሏስ?»

«ባሌ የሞተለት ልጅ ነው።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የጠየቃቸው «ሲመለሱ ማን ይቀበልዎታል?» ብቻ ነበር። «ማንም። ግን ባሌ እዚያ ነው የተቀበረው። ከእሱ ጎን ቦታዬን ገዝቻለሁ። ሌላ ቦታ ለምን እቀራለሁ?» አሉት። ቪዛው ተመታላቸው።

በፈረንጆቹ 1986 ግንቦት፣ አምስተርዳም አውሮፕላን ጣቢያ ሲቀበላቸው ሽባባው ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ማዳም ከሚያስታውሳቸው አጥረዋል፤ ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል። አማርኛቸው ግን ያው የደብረ ብርሃን ገበያ አማርኛ ነው፤ ቁርጥ ቁርጥ ያለ። አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና «ወፍራም ሆነሃል» አሉት። ያን ቀን ሦስቱም ሳቁ። ድንቅነሽ አምስተርዳምን ላሳይዎት ብላ በትራም ስታዞራቸው ቦዩንም ጀልባውንም አይተው «ውሃ አገሬም አለ። የኛ ይሞቃል» አሉና ብርዱን ሸሽተው ወደ ሄግ ተመለሱ።

አንድ ሳምንት ደህና ሆነ። ማዳም ኮኮናት እየፈለጡ ዓሣ ይሠራሉ፤ ድንቅነሽ ከሥራ ስትገባ እግሯን በሞቀ ውሃ ያሹላታል። ስለ ሰር ኩሪያን አሟሟት አልጠየቁም። ሽባባውም አላነሳም። ምሽቱን ፊታቸው ተቀምጦ ሲያያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ረጋ ያለ መሰለው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ እራት ላይ፣ ማዳም ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

«ሽባባው፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«ይዘዙኝ እንጂ ምን ልመና አለው?»

«ወልደየስን ታስታውሳለህ?»

የሽባባው እጅ ብርጭቆው ላይ ደረቀ። ድንቅነሽ አየችው።

«ማነው?» አለች።

«ልጄ ነው» አሉ ማዳም። «ወላጅ የሌለው ልጅ። ከገጠር መጣ። ኩሪያን አስተማረው፤ እኔ አበላሁት። ከእኛ ቤት ነው ያደገው። አሁን ካርቱም ነው ያለው። ታሟል። ይጽፍልኛል፤ እማማ ይለኛል። አንተ እኔን አመጣህ። ወልደየስንም አምጣልኝ። ወንድምህ ይሁን።»

ብርጭቆው እጁ ውስጥ ፈነዳ። ሽባባው ሲነሳ ጠረጴዛው ከነምግቡ ተገለበጠ፤ ሳህኑ ግድግዳው ላይ ተሰባበረ፤ ወጡ በድንቅነሽ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ደሙ በጣቶቹ መካከል እየተንጠባጠበ ግድግዳውን በቡጢ መታው፣ ደገመው፣ ደም እንደ ማኅተም ታተመበት።

«ሽባባው!» አለች ድንቅነሽ። ኮቷን ለማንሳት ተንቀሳቅሳ ነበር።

«እሱ ነው የገደላቸው!» ብሎ ጮኸ። «ወልደየስ ነው የገደላቸው!»

ድንቅነሽ ኮቷን ለቀቀች።

ማዳም አናማ ከወንበራቸው አልተነሱም። «አላየሁም ብለሃል» አሉ በቀስታ።

«አይቻለሁ። በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ። አብዮት ጠባቂዎቹን እየመራ የገባው እሱ ነው። ኮፍያውን ገልብጦ አድርጎ፣ ጠመንጃ ይዞ። ሰር በሩ ላይ ቆመዋል። ‹ክፈት› አላቸው። ‹አንተ› ብሎ ነው የጠራቸው። ‹እዚህ ውስጥ ያለው ልጅ ነው፤ አንተም ልጅ ነህ፤ አልከፍትም› አሉት። በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። መነጽራቸው ወደቀ። ሊያነሱት ሲጎነበሱ ጭንቅላታቸውን በሰደፍ ደገማቸው። ተነሱ። ደማቸው እየወረደ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። ሌሎቹ ይስቃሉ። ‹የህንድ አሽከር፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ተኩስ› አሉት። ያን ጊዜ ሆዳቸውን ተኮሰ። ወዲያው አላለፉም፤ ዋሽቼ ነው። በሩ ላይ ተንሸራተው ተቀመጡ። ክብደታቸው በሩን ዘጋው። ሊጎትቷቸው ሲሞክሩ ከውጭ ተኩስ ተሰማ፤ ሮጠው ወጡ። ከበሩ በታች ደማቸው ወደ እኔ ገባ።»

ማዳም አናማ ያን ጊዜ ተነሱ። በተሰባበረው ሳህን ላይ በባዶ እግራቸው ተራምደው መጡና በጥፊ መቱት። የአንዲት ትንሽ አሮጊት ጥፊ ነው፤ ግን ጆሮው ጮኸ። በሌላው እጃቸው ደገሙት። ከዚያ በሁለት ቡጢያቸው ደረቱን፣ አንገቱን፣ አፉን ይወቅጡት ጀመር። በአማርኛ አይደለም የሚጮኹት፤ በገዛ ቋንቋቸው ነው። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ድንቅነሽ ልትይዛቸው ስትል ሽባባው በደማው እጁ ከለከላት።

«ተያቸው።»

ትከሻውን የነካውን ሁሉ የሚመታው ሰው እጆቹን ከጎኑ አንጠልጥሎ ቆመ። ማዳም ጉልበታቸው እስኪከዳቸው መቱት። ሲያልቅባቸው ልብሱን ጨብጠው ይዘው «ገንዘብ ልኬለታለሁ» አሉ በአማርኛ። «ልብስ ልኬለታለሁ። ልጄ እያልኩ። አንተ ታውቅ ነበር!»

«እንዳይጎዱ ብዬ ነው።»

«ውሻ» አሉት። «ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ነው ዝም ያልከው።»

ያንን ምሽት ድንቅነሽ ከማዳም እግር ውስጥ የሳህን ስባሪ በመቆንጠጫ ስትለቅም፣ ከባሏ እጅ ደግሞ ብርጭቆ ስትለቅም አመሸች። ወጥታ አልሄደችም። ሽባባው ወለሉን አጠበ።

በማግስቱ ማዳም ከክፍላቸው አልወጡም፤ በበነጋታውም እንዲሁ። ሻይ ከበር ላይ ይወስዳሉ፣ ባዶውን ይመልሳሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለብሰው ወጥተው «ባሕር አለ ይባላል» አሉ። ሽባባው በትራም ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ሽኸቨኒንገን ወሰዳቸው። ነፋሱ አሸዋ እየበተነ ፊት ይገርፋል፤ ማዕበሉ እየተምዘገዘገ ድንጋዩ ላይ ይፈርሳል። ማዳም እያነከሱ አጠገቡ ቆሙ።

«ሁሉንም ንገረኝ» አሉት። «ከተኮሰ በኋላ ኩሪያን ምን አለ?»

«ማዳም፣ ይበቃል።»

«ንገረኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት። ሁለቴ ዴልሂ የወረድኩት።»

ሽባባው ወደ ባሕሩ እያየ ተናገረ። «ከተኮሰ በኋላ ወልደየስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ቆሞ ቀረ። ሰር አዩት። ‹ወደ ቤት ሂድ› አሉት። ‹አናማ ምሳ ሠርታለች፤ ብላ› አሉት። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

ማዳም አናማ አላለቀሱም። ሻሻቸውን ነፋሱ ወስዶት ትከሻቸው ላይ ሲወድቅ እንኳ አላነሱትም።

«በልቷል» አሉ በመጨረሻ።

ሽባባው ዞሮ አያቸው።

«መጥቶ በልቷል። ያን ቀን። ሩዝና ምስር ነበር። እጁን ለብዙ ጊዜ ታጠበ። ኩሪያን ለምን ዘገየ አልኩት። ‹ስብሰባ አለው› አለኝ። ጨምሪልኝ አለ፤ ጨመርኩለት።»

አጎነበሱና አሸዋው ላይ አስመለሱ። ሽባባው በሁለት እጁ ግንባራቸውን ደገፈ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያቸዋል። አንዲት ሆላንዳዊት መሐረብ አቀበለቻቸውና ሄደች።

ቪዛው ገና ብዙ ቀን ነበረው። ማዳም ግን መቆየት አልፈለጉም። ቲኬታቸውን ድንቅነሽ አስቀየረችላቸው። ሳይሄዱ በፊት ባለው ጊዜ ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ በሉ፤ ስለ ወልደየስ ማንም አላነሳም። አንድ ጠዋት ብቻ የፖስታው ሣጥን ሲንኳኳ ማዳም የወልደየስ ደብዳቤ የመጣ መስሏቸው ደንግጠው ጽዋቸውን ጣሉ።

አውሮፕላን ጣቢያው ላይ፣ ከፍተሻው በር ፊት፣ የሽባባውን እጅ ያዙ። የብርጭቆው ቁስል ገና አልዳነም ነበር።

«ስደተኛው ብዙ ነው። ካርቱም ያለው ሁሉ እዚህ እየመጣ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ታገኘዋለህ።»

«ይሆናል።»

«እንዳትነካው።»

ሽባባው በሌላ እጁ ሻንጣቸውን አነሳ።

«ኩሪያን ምሳ ብላ ነው ያለው። ግደሉት አላለም። ቃል ግባልኝ።»

ድንቅነሽ በልቧ «እሺ በላቸው፤ ዋሽተህም ቢሆን እሺ በላቸው» ትል ነበር።

«ማዳም» አለ ሽባባው፤ «ከእንግዲህ አልዋሽዎትም። አልችልም።»

ማዳም አናማ ፊቱን አዩት። «እኔም አልችልም» አሉ። «እኔም ባገኘው እጄ ዝም አይልም። ለዚህ ነው አንተን የለመንኩህ።» ከዚያ ግንባሩን ሳሙትና ገቡ። አልዞሩም።

ለወልደየስ አንድም መስመር አልጻፉለትም። እማማ እያለ የላካቸውን ደብዳቤዎች ሳይከፍቱ ከጎማ ዛፎቹ ሥር አቃጠሏቸው፤ ይህን የነገሩት ለድንቅነሽ ነው። ወልደየስ ሆላንድ አልደረሰም። አንዳንዱ ካርቱም በወባ ሞተ ይላል፤ አንዳንዱ ካናዳ ገብቷል ይላል። ስደተኛው ሲሰበሰብ ስሙ ከተነሳ ሽባባው ተነስቶ ይወጣል፤ ውጭ ቆሞ ጣቶቹን ይጨብጣል፣ ይዘረጋል፣ ይጨብጣል። ከዚያ ወዲህ የመታው ሰው የለም። የቤታቸው በር ግን አንዴ ተቀይሯል።

በየፋሲካው ወደ ኬረላ ይደውላል። መስመሩ ይጮኻል፣ ይቋረጣል፣ ድጋሚ ይይዛል። ማዳም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎማው ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ይነግሩታል። ከዚያ «እጅህ እንዴት ነው?» ይሉታል።

«ደህና ነው» ይላል፤ አንዳንድ ዓመት «አልዳነም» ይላል። እሳቸውም አይመክሩትም።